የአባቴን የካሴት ቴፕ ሳልነቅል አይፖድ ማገናኘት ፈልጌ ነበር (ኮሮላ፣ ደሴ)

የጦሳ ልጅ፣ ማክሰኞ ማታ 2፡15

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከደሴ ነው። የአባቴ መኪና የ90ዎቹ ኮሮላ ነው። ቴፑ ከፋብሪካ አብሮት የመጣው ነው፣ ካሴትና ሬዲዮ ብቻ። ፍላሽ የለው፣ ሲዲ የለው፣ ኦክስ (ከስልክ ወይም ከአይፖድ የሚመጣ የድምፅ ገመድ መሰኪያ) የለው።

አባቴ ከ200 የሚበልጥ ካሴት አለው። መንዙማ፣ የባቲና የአምባሰል ዘፈን፣ የሰርግ ቅጂ። አንዱ ካሴት ላይ አያቴ ቡና አፍልታ ዱዓ ስታደርግ ተቀድታለች። አላህ ይማራትና አሁን የለችም፣ ድምጿ ያለን እዚያ ላይ ብቻ ነው። አምና ከኮምቦልቻ ስንመለስ ሐረጎ ዳገት ላይ ቴፑ ያንን ካሴት በላው። አባቴ መኪናውን ዳር አስይዞ፣ የተጠላለፈውን ክር በጣቱ ቀስ እያለ ሲጎትት፣ ከዚያ በእስክሪቢቶ ሲጠቀልል ግማሽ ሰዓት አለፈ። አንድም ቃል አልተናገረም። ካሴቱ ተረፈ፣ ግን መሃሉ ላይ የተጨማደደችው ቦታ ስትደርስ ድምጿ ይሰጥማል።

ከዚያ በኋላ ሁሉንም ካሴት ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ጀመርኩ። የ60 ደቂቃ ካሴት 60 ደቂቃ ይፈጃል፣ አቋራጭ የለውም። ሦስት ወር ሙሉ ማታ ማታ እሱን ነበር የምሠራው። አሁን ሁሉም ወንድሜ ከሪያድ የላከልኝ አይፖድ ውስጥ አለ።

ችግሬ ከመኪናው ጋር ማገናኘቱ ነው። አንድ ሱቅ ሄጄ ሲጋራ ማቀጣጠያው ላይ የሚሰካ፣ ድምፁን በኤፍኤም ሞገድ ወደ መኪናው ሬዲዮ የሚልክ፣ የኤፍኤም ሞዱሌተር ሸጡልኝ። ፒያሳ ላይ ቆሜ ስሞክረው ጥሩ ነበር። ሐረጎን መውረድ ስንጀምር ግን በየኩርባው ሌላ ጣቢያ ይገባበታል፣ ይንሿሿል፣ ይጠፋል። አባቴ አምስት ደቂቃ ታግሶ አጠፋው። ተመልሼ ብነግራቸው «ቴፑን አውጣና አዲስ እንግጠምልህ» አሉኝ። አባቴ ደግሞ ቴፑ እንዲነካ አይፈልግም። ምን ይሻላል?

ቦርከና ማዶ፣ ማክሰኞ ማታ 2፡50

ወንድሜ በማይሆን ነገር አትድከም። እኔ ኮምቦልቻ ነኝ፣ የእኔም ኮሮላ እንዳንተው ካሴት ነበር። ነቅዬ ባለ ብሉቱዝና ባለ ፍላሽ አስገጠምኩ፣ አንድ ከሰዓት ነው የፈጀው። ፍላሹን ትሰካለህ፣ አለቀ። የድሮውን ቴፕ በፌስታል ጠቅልለህ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጥለት፣ አባትህም ይለምደዋል።

የጦሳ ልጅ፣ ማክሰኞ ማታ 3፡05

አመሰግናለሁ ወንድሜ። ግን መኪናው የእሱ ነው። ካሴቶቹንም ሙሉ በሙሉ አልተወም፣ ጠዋት ጠዋት አንድ ሁለቱን ያዳምጣል። ለእሱ ሲባል የሚሠራን ነገር እሱ እያዘነ መሥራት አልፈልግም።

ራዲዮ ጠጋኝ፣ ማክሰኞ ማታ 4፡20

ልጄ፣ አብሽር። ቴፑ መነቀል የለበትም። ካሴት የሚያጫውት ቴፕ ያለው ሰው ኤፍኤም ሞዱሌተር መግዛትም የለበትም። ሱቁ መጀመሪያ ሊጠይቅህ የሚገባው «ካሴቱ ይሠራል ወይ?» ብሎ ነበር።

የሚያስፈልግህ የካሴት አዳፕተር ነው። ቅርጹ ቁርጥ ካሴት ነው፣ ከጎኑ ቀጭን ሽቦ ይወጣል፣ ጫፉ ላይ 3.5 ሚሊ ሜትር ጃክ አለው፣ የጆሮ ማዳመጫ የሚሰካበት ዓይነት ማለት ነው። ውስጡ ክር የለም። ክሩ በሚያልፍበት ቦታ ላይ ትንሽ የማግኔት ሄድ ተቀምጧል፣ ሄድ ማለት ቴፑም ክሩን የሚያነብባት የምታብረቀርቅ ትንሽ ብረት ናት። ቴፕህ ካሴት ሲያነብ የሚያነበው ክሩ ላይ ያለውን የማግኔት መለዋወጥ ነው፣ ሌላ ነገር አይደለም። አዳፕተሩ ያንኑ መለዋወጥ ከአይፖዱ በሚመጣው ድምፅ ይፈጥርለታል፣ ሄድ ከሄድ ጋር ፊት ለፊት ገጥመው። ቴፑ ክር ያነበበ ይመስለዋል። በአየር የሚሄድ ነገር ስለሌለ ሐረጎም ሆነ ጦሳ አያገባውም።

ሞዱሌተሩ ለምን እንዳስቸገረህም ልንገርህ። እሱ ትንሽዬ ሬዲዮ ጣቢያ ነው፣ ጉልበቱ ከመኪናው ብዙም አያልፍም። ባዶ ያልከው ቁጥር ደሴ ላይ ባዶ የሆነው ተራራው የሌላውን ጣቢያ ሞገድ ስለከለለልህ ሊሆን ይችላል። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ግን ከ600 ሜትር በላይ ትወርዳለህ፣ ያውም እየተጠማዘዝክ። አንዱን ኩርባ ስትዞር ሸንተረሩ ይገለጥና ጠንካራው ጣቢያ ያንተን ደካማ ሞገድ ይውጠዋል። ሞዱሌተሩ አልተበላሸም፣ ቦታው ነው የማይመቸው።

አዳፕተሩን ከማስገባትህ በፊት ግን የቴፑን ሄድ አጽዳ። ካሴት የበላ ቴፕ ንጹሕ አይደለም። ጥጥ በቀጭን እንጨት ጠቅልለህ፣ ፋርማሲ የሚሸጠውን አልኮል ነክረህ፣ የሚያብረቀርቀውን ሄድና አጠገቡ ያለችውን ጥቁር ጎማ አሻት። ጥጡ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ንጹሕ እስኪወጣ ደጋግመው። ካሴት ያስበላህም ያችው ጎማ ቆሻሻ ይዛ ስትጣበቅ ሳይሆን አይቀርም።

የጦሳ ልጅ፣ ማክሰኞ ማታ 4፡35

እድሜ ይስጥልኝ ጋሼ! እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም። ነገ ጠዋት ፍለጋ እወጣለሁ።

ሰኞ ገበያ፣ ረቡዕ ጠዋት 1፡40

ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እግረ መንገዴን እኔም ልጠይቅ። የእኔ ቪትዝ ነው፣ ካሴት የለውም፣ ሲዲና ሬዲዮ ብቻ። ሞዱሌተር ገዝቼ የትኛውም ቁጥር ላይ አልሠራ አለኝ። 98 አደርገዋለሁ፣ ሬዲዮው ግን 90 ላይ ሲደርስ ተመልሶ ወደ 76 ይሄዳል። ተበላሽቶ ነው?

ራዲዮ ጠጋኝ፣ ረቡዕ ጠዋት 3፡10

አልተበላሸም፣ የጃፓን ሬዲዮ ነው። ጃፓን የኤፍኤም መስመሯን ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ አድርጋ ነበር ለረጅም ዘመን የተጠቀመችው። እኛ ጋ ከ87.5 እስከ 108 ነው። ስለዚህ ሁለቱ የሚገናኙት ከ87.5 እስከ 90 ባለችው ጠባብ ቦታ ብቻ ነው። ሞዱሌተሩን እዚያ መሃል አምጣው፣ 88.3ን ሞክር፣ 89.1ን ሞክር፣ ጸጥ ያለውን ያዝ።

ከ90 በላይ ያሉትን የአገር ውስጥ ጣቢያዎችም መስማት ከፈለግህ ባንድ ኤክስፓንደር የሚባል ትንሽ ዕቃ አለ። ከአንቴናው ሽቦና ከሬዲዮው መሃል ይገባል፣ የሚመጣውን ሞገድ ቁጥሩን ዝቅ ያደርግለታል። ለምሳሌ በ12 የሚያወርድ ከሆነ 96 የነበረው 84 ላይ ይመጣልሃል። ብዙ ሰው ይህን ባለማወቅ ጤነኛ ሬዲዮ ይጥላል፣ በጣም ነው የሚያሳዝነኝ።

ሰኞ ገበያ፣ ረቡዕ ጠዋት 3፡45

88.7 ላይ ሠራ! ከዓመት በላይ ያለ ሙዚቃ ስነዳ ነበር እኮ። ተባረኩ።

የሚሌ መንገድ፣ ረቡዕ ቀን 7፡30

እኔ የጭነት መኪና ሹፌር ነኝ፣ ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጌ ወደ ጅቡቲ መስመር ነው የምሠራው። ስለ ሞዱሌተር ከተነሳ አንድ ነገር ልበል፣ እንደኔ የሚቃጠልበት እንዳይኖር። የቤት መኪና 12 ቮልት ነው። የእኛ ከባድ መኪና 24 ነው። አንዳንዱ ሞዱሌተር ጀርባው ላይ «12–24» ይላል፣ አንዳንዱ 12 ብቻ ነው። እኔ ሳላይ የሰካሁት ባቲን ሳላልፍ ጨሰ፣ ስልኬም ቻርጅ ላይ ስለነበር አብሮ ሄደ። ስትገዙ ጽሑፉን በስልክ መብራትም ቢሆን አንብቡት። ሻጩ «ለሁሉም ይሆናል» ቢላችሁም እናንተ አንብቡ።

ስለ ሐረጎ ጋሼ ያሉት እውነት ነው። ባቲን አልፈህ ሜዳው ላይ ስትወጣ ግን ሞዱሌተር ጥርት ብሎ ነው የሚሠራው፣ ሰፊው አየር ባዶ ነው። ስለዚህ እንደየመንገዱ ነው።

የጦሳ ልጅ፣ ሐሙስ ማታ 1፡20

አዳፕተሩን አገኘሁት! ፒያሳ አዳዲሶቹ ሱቆች «ይሄማ ቀረ» እያሉ መለሱኝ፣ ሙጋድ አንድ አሮጌ ሬዲዮ የሚጠግኑ አባት ከካርቶን ውስጥ አወጡልኝ። ሄዱንም እንደተባልኩት አጸዳሁ። አራት ጥጥ ጨርሼ አምስተኛው ነው ንጹሕ የወጣው።

ግን ሌላ ችግር መጣ። አዳፕተሩን ሳስገባው ሦስት አራት ሴኮንድ ይጫወትና ጠቅ ይላል፣ አቅጣጫውን ይገለብጣል፣ ድምፁ ይጠፋል። እንደገና ጠቅ፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይገለብጣል። አሥር ጊዜ እንዲህ ካደረገ በኋላ ራሱ ወደ ውጭ ይተፋዋል። አባቴ አጠገቤ ቆሞ ሲያይ ስለነበር ልቤ ተሰበረ።

ራዲዮ ጠጋኝ፣ ሐሙስ ማታ 2፡00

ልብህ አይሰበር፣ ይህ የታወቀ ነው። ቴፕህ በራሱ የሚገለብጥ ዓይነት ነው። ካሴቱ ማለቁን የሚያውቀው ጥቅሉ መዞር ሲያቆም ነው። አዳፕተሩ ውስጥ ሁለቱን ቀዳዳዎች የሚያያይዙ ትናንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች አሉ። ብዙ ዓመት ካርቶን ውስጥ የተቀመጠ አዳፕተር ጥርሶቹ ይደርቃሉ። ቴፑ ሊያዞረው ሲል እምቢ ይለዋል፣ «አለቀ» ብሎ ይገለብጣል።

እንዲህ አድርግ። እስክሪቢቶ ቀዳዳው ውስጥ ከተህ አዙረው። በቀላሉ ካልዞረ በትንሽ ካቻቢቴ ብሎኖቹን ፍታ። ስትከፍት ሽቦዎቹ ፀጉር ያህል ቀጭን ናቸው፣ እንዳትጎትታቸው። ጥርሶቹን በደረቅ ብሩሽ ጥረግ፣ የሲሊኮን ቅባት በመርፌ ጫፍ ታህል ጠብታ ብቻ አድርግላቸው። የምግብ ዘይት እንዳይነካው፣ አቧራ ይዞ ይጋገራል። የተሰበረ ጥርስ ካየህ ያችን ጥርስ አውጣትና ሁለቱ ቀዳዳዎች ለየብቻ በነፃነት ይዙሩ። ብዙ ቴፕ ይቀበለዋል፣ አንዳንዱ አይቀበልም፣ ሞክረህ ታየዋለህ።

ድምፁ ታፍኖ ከመጣ ደግሞ አቅጣጫ መቀየሪያውን አንድ ጊዜ ተጫን። አዳፕተሩ ሄድ ያለው በአንድ በኩል ብቻ ነው። ዶልቢ የሚል ቁልፍ ካለ አጥፋው። ዶልቢ የተሠራው የክርን ሹክሹክታ ለመቀነስ ነው፣ አዳፕተሩ ላይ ግን ቀጭኑን ድምፅ ነው የሚቆርጥብህ። የማሲንቆውን ጫፍ ትነጠቃለህ።

አይፖዱን ድምፁን ከሙሉው ሦስት አራተኛ ላይ አድርገው፣ የቀረውን በቴፑ ጨምር። አይፖዱን እስከ ጥግ ከከፈትከው ድምፁ ይሰነጠቃል። አይፖዱን ዝቅ አድርገህ ቴፑን ከጨመርክ ደግሞ ሹክሹክታው ያይላል።

ቦርከና ማዶ፣ ሐሙስ ማታ 3፡15

ጋሼ እኔም ልጠይቅዎት። አዲሱ ቴፔ ላይ ስልኬን በኦክስ ሰክቼ፣ እዚያው መኪናው ላይ ቻርጅ ሳደርገው «ዊዊዊ» የሚል ድምፅ አለው። ነዳጅ ስረግጥ ይቀጥናል፣ ስለቅ ይወርዳል። ስፒከር ቀየርኩ፣ አልጠፋም። አሁን የገጠመልኝ ሰው አምፕሊፋየር ግዛ እያለኝ ነው።

ራዲዮ ጠጋኝ፣ ሐሙስ ማታ 3፡40

አምፕሊፋየር አትግዛ! ገንዘብህን ያዝ። ከሞተሩ ጋር ከፍ ዝቅ የሚል ድምፅ የዲናሞው ነው። ስልክህ በቻርጀሩ በኩል ከመኪናው ማሳ (ከኔጋቲቩ መስመር) ጋር ተያይዟል። በኦክስ ገመዱ በኩል ደግሞ ከቴፑ ማሳ ጋር ተያይዟል። ሁለቱ ማሳዎች እኩል ስላልሆኑ በመሃላቸው ጅረት ይዞራል፣ የዲናሞውን ጩኸት ይዞ ስፒከር ውስጥ ይገባል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ቻርጀሩን ንቀለው። ጩኸቱ ወዲያው ከጠፋ እሱ ነው። ከዚያ ስልኩን በፓወር ባንክ ቻርጅ አድርግ፣ ፓወር ባንኩን መኪናው ላይ ሳትሰካ። ወይም የማሳ መለያ የሚባል ጣት የምታህል ዕቃ ኦክስ ገመዱ መሃል አስገባ። ውስጡ ሁለት ትናንሽ ትራንስፎርመሮች አሉ፣ ድምፁን ያሳልፋሉ፣ ሽቦው ግን ከሽቦ አይነካካም። የጦሳ ልጅም አይፖዱን በመኪናው ቻርጅ ካደረገ ይኸው ይመጣበታልና ያስታውሰው።

ቦርከና ማዶ፣ ሐሙስ ማታ 3፡55

ጋሼ፣ ወርጄ መኪናው ላይ ሞከርኩት። ቻርጀሩን ስነቅል ጭጭ አለ። ሁለት ስፒከር የቀየርኩት በከንቱ ነበር ማለት ነው። አላህ ይስጥልኝ። የጦሳ ልጅ፣ ማክሰኞ ንቀል ያልኩህን ተወው፣ ጋሼን ስማ።

እህተ ሆጤ፣ አርብ ጠዋት 4፡00

እኔ ደግሞ ያሪስ ነው ያለኝ፣ ሲዲ ያለው። ፊት ለፊቱ ኦክስ ባይኖርም ከጀርባው የሲዲ ቼንጀር (ብዙ ሲዲ የሚይዝ ተጨማሪ ማጫወቻ) መሰኪያ አለ፣ እዚያ ላይ የሚገባ ኦክስና ዩኤስቢ የሚሰጥ ዕቃ አስገጥሜያለሁ። ቴፑ ቼንጀር የተገጠመለት ይመስለዋል፣ ድምፁ ከሁሉም ይበልጣል። ሁለት ዓይነት መሰኪያ እንዳለ ግን እወቁ። የድሮዎቹ ቶዮታዎች ትልቁ፣ ባለ 5 እና ባለ 7 ፒን ነው፣ በፈረንጆቹ ከ2003 ወዲህ ያሉት እየተቀየሩ ባለ 6 እና ባለ 6 ትንሹ ሆነዋል። ሳታዩ እንዳትገዙ። እኔ መጀመሪያ ትልቁን ገዝቼ አልገባልኝም፣ ሻጩም አልመልስም አለ።

ሌላው፣ ቴፑን ለማውጣት ባትሪ ከማስነቀላችሁ በፊት ቴፑ ኮድ የሚጠይቅ መሆን አለመሆኑን አጣሩ። የአጎቴ መኪና ላይ ባትሪው ተነቅሎ ሲመለስ ስክሪኑ ኮድ አለ፣ ኮዱን የሚያውቅ ጠፋ፣ የገጠመው ልጅ በግምት ደጋግሞ ሞከረና ጭራሽ ተቆለፈ። ብዙ ጊዜ ኮዱ ከመኪናው ጋር በመጣው ደብተር ላይ ይጻፋል፣ እሱን ፈልጉ።

አንድ ልመና ደግሞ አለኝ፣ እንደ እህት ቁጠሩልኝ። ሽቦውን ከማርሹ ርቆ በዳሽቦርዱ ጎን በናስትሮ አስይዙት። የሚጫወተውን ከመነሳታችሁ በፊት ምረጡ። ሐረጎ ላይ ጉም ሲወርድ አይታችኋል፣ ከፊት ያለው መኪና መብራት እንኳ አይታይም። እዚያ ላይ ዘፈን ልቀይር ብሎ አንገት ማጎንበስ አያስፈልግም።

የሚሌ መንገድ፣ አርብ ቀን 6፡20

እህቴ ልክ ነሽ። እኔ ጠዋት ሳልነሳ የሙሉ መንገዱን ደርድሬ ነው የምወጣው።

የጦሳ ልጅ፣ እሑድ ማታ 1፡45

ቅዳሜ አዳፕተሩን ከፈትኩት። ጋሼ እንዳሉት ከጥርሶቹ አንዷ ሁለት ቦታ ተሰብራ ነበር። አወጣኋት፣ ሌሎቹን ጠረግኩ፣ ገጠምኩት። ቴፑ ተቀበለው። አይገለብጥም፣ አይተፋም። ሽቦው እንዳይጨመቅ በካሴቱ በር ቀኝ ጥግ በኩል አወጣሁት፣ እህተ ሆጤ እንዳለችው በናስትሮ አስያዝኩት። ዶልቢ አጠፋሁ። የአይፖዱን ድምፅ ሦስት አራተኛ ላይ አደረግኩ። ቻርጁን ቤት ሞልቼ ነው የምወጣው።

ዛሬ ከአባቴ ጋር ኮምቦልቻ ሄድን። መጀመሪያ የባቲ ዘፈን ከፈትኩ። ዋሽንቱ ሲገባ አባቴ እጁን ወደ ቴፑ ሰድዶ ድምፁን ጨመረ። ድሮ ካሴት ሲያስገባ የሚያዞራት ያችኑ ቁልፍ ነው ያዞራት፣ ለእሱ ምንም የተቀየረ ነገር የለም። እኔን ያስደሰተኝም እሱ ነው።

ስንመለስ ሐረጎን እየወጣን የአያቴን ዱዓ ከፈትኩለት። አልነገርኩትም ነበር። የስኒው ኳኳታ ቀድሞ መጣ፣ ከዚያ እሷ። አባቴ ፍጥነቱን ቀነሰ፣ አምና ካሴቱ የተበላበት አካባቢ ስንደርስ ዳር አስይዞ አቆመ። የተጨማደደችው ቦታ ስትደርስ ድምጿ ትንሽ ሰጠመ፣ ተመለሰ። እስኪያልቅ ድረስ ሁለታችንም ዝም አልን። ሲያልቅ አባቴ «አሚን» ብሎ ፊቱን በሁለት እጁ አበሰና ማርሽ አስገባ።

ጋሼ፣ አባቴ «ያንን ሰው ቡና ጠጡልኝ በልልኝ» ብሏል።

ራዲዮ ጠጋኝ፣ እሑድ ማታ 2፡30

አባትህን ሰላም በልልኝ፣ ቡናውን እመጣለሁ።

አንድ የረሳሁት አለ። መኪናውን አጥፍተህ ስትወርድ አዳፕተሩን ከቴፑ አውጣው። ውስጥ ገብቶ ካደረ ጥቁሯ ጎማ በአንድ በኩል ተጭና ትጎደጉዳለች፣ ከዚያ ካሴት ሲገባ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። አባትህ ጠዋት ጠዋት ካሴቱን ይሰማ የለ።

የጦሳ ልጅ፣ እሑድ ማታ 2፡35

አሁኑኑ ወርጄ አወጣዋለሁ ጋሼ።